የአሰቦት ማጥሪያ ጉድጓድ ሽታው እንዲመለስ

ሚያዝያ 14 ቀን 1955 ዓ.ም.
አሰቦት

ለቆላ ጣቢያዎች ንጽሕና ክፍል ኃላፊ
አሰበ ተፈሪ

አመልካች፦ አጥናፉ ወልደየስ፣ በአሰቦት ጣቢያ የንጽሕና ረዳት

ጉዳዩ፦ በእኔ ኃላፊነት የተሠራውን የፍሳሽ ማጥሪያ አፍርሼ ውሃው እንደቀድሞው እንዲሸት እንዲፈቀድልኝ፣ ውሃውም በበርሜል ወደ ጅቡቲ እንዳይሻገር እንዲታገድ ስለ መለመን

ክቡር ሆይ፤

ይህን ወረቀት እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ አስቀድሜ እለምናለሁ። ስለዚሁ ጉዳይ የካቲት 9 እና መጋቢት 20 ቀን ሁለት ጊዜ አመልክቻለሁ። ለመጀመሪያው መልስ አላገኘሁም። ለሁለተኛው ያገኘሁትን በስድስተኛው አንቀጽ እጠቅሰዋለሁ። በሁለቱም ማመልከቻዎቼ የጻፍሁት እውነት ነበር፤ ነገር ግን ሙሉ አልነበረም። የተውሁት ነገር ስለ ራሴ ነው። አሁን እርሱንም ጨምሬ አቀርባለሁ፤ ያለ እርሱ ልመናዬ የእብድ ልመና ይመስላልና።

1. ከአሰቦት ባቡር ጣቢያ በላይ የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ከተከፈተ ወዲህ የሦስት መቶ ሰው መጸዳጃ፣ የወጥ ቤቱ እጣቢና የማረጃው ደም በአንድ ቦይ ተሰብስቦ ከጣቢያው በታች ባለው ደረቅ ወንዝ ይወርድ ነበር። የአገሩ ሰው «ላጋ» የሚለው ይህ ወንዝ ከዝናብ ቀን በቀር አሸዋ ብቻ ነበር። ካምፑ ሲመጣ በጋ ከክረምት የሚፈስስ ሆነ። የሚፈስሰውም ያ ነበር።

ወንዙ የሚያልፈው ወደ ጅቡቲ የሚጫኑት ፍየሎችና በጎች በሚታጎሩበት በረት መካከል ነው። እንስሶቹ እስከ ጉልበታቸው በፍሳሹ ውስጥ ቆመው ይሰነብቱና በፉርጎ ይጫናሉ። እንዲህ እየሆነ የእኛ ቆሻሻ በሰኮናቸውና በጠጉራቸው ተጣብቆ በሁለት ቀን ውስጥ ደወሌን አልፎ ከአገር ይወጣ ነበር። በ1953 ዓ.ም. መጨረሻ ከወሰን ማዶ ያለው የጤና ኬላ አንድ ሙሉ ፉርጎ መልሶ ላከ፤ ደብዳቤም ጻፈ። ደብዳቤውን ያየሁት በትርጉም ነው። «ከአሰቦት የሚመጡት እንስሶች ገና ከሩቅ ሳይታዩ ይሸታሉ» ይላል። ይህን ዐረፍተ ነገር ሳነብ የተፈረደብኝ ያህል ፊቴ እንደ ጋለ ትዝ ይለኛል። ቆሻሻው የእኔ አልነበረም። አገሩ ግን የእኔ ነው።

2. ማጥሪያውን እንድሠራ የታዘዝሁት በዚህ ምክንያት ነው። የትእዛዙ ቃል «ለጎረቤት ግዛት ቅሬታ መነሻ የሆነውን ሽታ እንዲያስወግዱ» የሚል ነበር። በተማርሁት መሠረት አራት ተከታታይ ጉድጓዶች ነደፍሁ። በመጀመሪያው ዝቃጩ ይዘቅጣል። በሁለተኛው ውሃው በድንጋይና በጠጠር ያልፋል። በሦስተኛው በአሸዋና በተፈጨ ከሰል ይጠራል። በአራተኛው ደግሞ በክሎሪን ዱቄት በዓይን የማይታየው ተውሳክ ይሞታል።

ሦስቱ ተሠሩ። ክሎሪኑ «ወደፊት ይላካል» ስለ ተባለ አራተኛው ጉድጓድ በወረቀት ላይ ቀረ። ዛሬም በወረቀት ላይ ነው፤ ሥዕሉ ከአልጋዬ ራስጌ ተሰቅሏል።

መስከረም 1955 ዓ.ም. ውሃው ከሦስተኛው ጉድጓድ ቧንቧ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ። በብርጭቆ ቀዳሁት። የሹመት ወረቀቴን ከብርጭቆው ኋላ ይዤ አነበብሁት፤ አንዲት ፊደል አልደበዘዘችም። አሸተትሁት። ምንም። ዓመት ሙሉ በዚህ ከተማ «የሰገራ ሐኪም» እየተባልሁ ኖሬአለሁ። ልጆች ሳልፍ አፍንጫቸውን ይይዙ ነበር፤ ትልልቆቹም አይገሥጿቸውም። ያን ዕለት በጣቢያው በኩል ስመለስ ቀና ብዬ እንደ ሄድሁ አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው ለማማረር ሳይሆን ቀጥሎ ያደረግሁት ከየት እንደ መጣ እንዲታወቅ ነው።

3. በአሰቦት ውሃ ብርቅ ነው። ታጁዲን የተባለው የአገሩ ሰው ከሩቅ ጉድጓድ በአህያ እያስመጣ ይሸጣል። ከእርሱ መግዛት የማይችል ከዝናብ ኩሬ ይቀዳል። ስለዚህ ከቧንቧዬ ጥርት ያለ ውሃ ሌትና ቀን መፍሰሱ ሲሰማ ጥቅምት ወር ላይ አንድ ዓርብ ከሶላት በኋላ ስድስት ሽማግሌዎች መጡ። የሚመሩአቸው በጣቢያው ሰፈር ቁርኣን የሚያስተምሩት ሼህ አብዱረዛቅ ነበሩ። እርሳቸው ሳይጠየቁ በዚህ ከተማ የሚሸጥም የሚገዛም፣ የሚታረቅም የለም።

ሼህ አብዱረዛቅ ከቧንቧው ሥር ተቀምጠው ውሃውን በእፍኛቸው ያዙ። አዩት። አሸተቱት። ወደ አፋቸው ግን አላስጠጉትም። እንዲህም አሉኝ፤

«እኛ ውሃ ሲቀርብልን ሦስት ነገር እናያለን። ቀለሙን፣ ሽታውን፣ ጣዕሙን። ሁለቱ ሄደዋል፣ ማሻአላህ። ሦስተኛውን እንዳልቀምስ ግን ዓይኔ ከየት እንደመጣ አይቷል። አንተ ደግሞ ዓይን የማያየውን የምታይበት ትምህርት አለህ ይባላል። ንገረኝ ልጄ፤ ውስጡ የቀረ ነገር አለ ወይ?»

ከኋላ ቆሞ የነበረው ታጁዲን «እሱ ምን ቸገረው! እሱ የሚጠጣው የተራራውን ገዳም ጠበል ነው!» አለና ሁሉም ሳቁ። ሼሁም ፈገግ አሉ፤ ነገር ግን ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሡም።

4. ይህን አንቀጽ ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ።

«የለም» አላልሁም። «አለ»ም አላልሁም። ጣሳ ተቀብዬ ከቧንቧው ሞላሁና በፊታቸው እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። ጣሳውን ገልብጬ አሳየኋቸው።

ከአራተኛው ጉድጓድ በፊት የሚወጣ ውሃ ምን እንደሚይዝ ከእነዚያ ሰዎች መካከል የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ። በትምህርት ቤት በአጉሊ መነጽር አይቼዋለሁ። ይንቀሳቀሳል። ስጠጣው ይታየኝ ነበር።

ሼህ አብዱረዛቅ «እንግዲህ የሠራው ሰው መሰከረ» አሉ። ተነሥተውም በዚያው ውሃ ለሶላት ታጥበው ውዱእ አደረጉ። ሌሎቹ ተከተሏቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአሰቦት የሰገራ ሐኪም ያለኝ ሰው የለም።

በአራተኛው ቀን ታመምሁ። ለጣቢያው ሰው ወባ ነው ብዬ በጭነት መኪና ወደ አሰበ ተፈሪ ወጣሁ፤ ባለቤቴ ሳህሊቱ የምትኖረው በዚያ ነው። ዐሥራ አንድ ቀን ተኛሁ። የሚወርደኝን የምታጥብ እርስዋ ስለ ነበረች ልትታለል አልቻለችም። «ወባ እንደሆነ ያንቀጠቅጥሃል እንጂ እንዲህ አያደርግህም። ምን በላህ?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር። ምንም እል ነበር። ምን ጠጣህ ብትለኝ ኖሮ የምነግራት ይመስለኛል። እርግጠኛ አይደለሁም።

ወደ አሰቦት ስመለስ ሽማግሌዎቹ ከጣቢያው ድረስ መጥተው ተቀበሉኝ። በወባ ስለ ማቀቅሁ ዱዓ አደረጉልኝ። አሜን አልሁ።

በዚያው ሳምንት ለክፍሉ ሪፖርት ጻፍሁ። «ቀለሙና ሽታው ሙሉ በሙሉ ተወግዷል፤ እኔም በሕዝብ ፊት ጠጥቼዋለሁ» የምትለዋ ዐረፍተ ነገር የእኔ ናት። ያልተጠየቅሁትን ጨምሬ ነው የጻፍኋት። ስለ ዐሥራ አንዱ ቀን ምንም አልጻፍሁም።

5. ውሃው መጀመሪያ ለውዱእ፣ ቀጥሎ ለልብስ፣ ከኅዳር ጀምሮ ለመጠጥ ሆነ። ወደ ገዳሙ የሚወጡ ተሳላሚዎችም ቅላቸውን ይሞሉበት ጀመር። የታመመም ሲኖር እንደ እኔው ወባ ይባላል። በዚሁ ጊዜ የከብት ነጋዴው ሐጂ ሙሜ ወደ ጅቡቲ ለሚጭኗቸው እንስሶችና ከእነርሱ ጋር በፉርጎ ለሚጓዙት ጠባቂዎች ውሃውን በበርሜል ያስሞሉ ጀመር። ቀድሞ በሰኮና ይሻገር የነበረው አሁን በበርሜል ተሻገረ። ልዩነቱ ያን ጊዜ ሰው ይሸሸው ነበር፤ አሁን ይጠጣዋል።

ጥር ወር ላይ ከወሰን ማዶ ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ። ከአሰቦት ፍየል ጭነው ከሄዱት ጠባቂዎች ዘጠኙ በኬላው ታመው ሦስቱ ሞተዋል ይላል። ከሦስቱ አንዱ ሐምዛ ነው።

ሐምዛ ጎረቤቴ ነበር። አጥራችን አንድ ነው። ጠዋት ሲያገኘኝ «ሐኪም፣ ውሃህ ዛሬም አላሳፈረህም ወይ?» እያለ ይቀልድ ነበር። የተቀበረው ማዶ ነው። ሚስቱ ኡሙልኸይር መቃብሩን ለማየት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋታል፤ ማመልከቻዋን የጻፍሁላት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም።

ሊያሳውቁኝ የማይገባ ነገር ሰዎች ያሳውቁኛል። ባለፈው ሳምንት ኡሙልኸይር በአጥሩ ላይ እንዲህ አለችኝ፤ «ሐኪም፣ እዚያ ማዶ ውሃቸው መርዝ ነው አሉ። ሐምዛን የገደለው እሱ ነው። አሁን ወንድሜ ቡሽራ በእሱ ቦታ ሊሄድ ነው። ወላሂ አንዲት ጠብታ ከእነሱ እንዳትቀምስ ብዬዋለሁ። ከዚሁ ከኛው፣ ካንተው ውሃ በጀሪካን እሞላለታለሁ።»

አየኋት። ደህና ዋይ አልኋትና ገባሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡሽራ በበራችን ሲያልፍ የእግሩን ድምፅ እለየዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። የሐምዛን ኮት ይለብሳል፤ ትከሻው ይሰፋዋል።

ከማዶው ደብዳቤ አንድ ዐረፍተ ነገር በተለይ እንዲመለከቱልኝ እለምናለሁ። በሽታው ከጠባቂዎቹ አልፎ ከኬላው ጀርባ ወዳሉት ቤቶች ገብቷል ይላል። እዚያ የሚኖሩት ሰዎች የእኛን በርሜል አይተውት አያውቁም። አንዴ ከገባ በኋላ ከእኛ የሚፈልገው ነገር የለም።

6. ለሁለተኛው ማመልከቻዬ ከክፍሉ የደረሰኝ መልስ ቃል በቃል ይህ ነው፤

«ማጥሪያው የታዘዘለትን ሥራ መፈጸሙንና ሽታው መወገዱን፣ ረዳቱም በሕዝብ ፊት ጠጥተው ማረጋገጣቸውን ለወሰን ማዶው ባለሥልጣን ከሪፖርትዎ ቅጂ ጋር አስታውቀናል። ውሃው በበርሜል እንዲሻገርም በዚሁ መሠረት ፈቃድ ተሰጥቷል። ከእንግዲህ ይህን የሚቃረን ማመልከቻ ማቅረብ የተሰጠውን ቃል ማስተባበል ስለሚሆን እንዲጠነቀቁ።»

ክፍሉን አልወቅስም። ክፍሉ የያዘው የእኔን ቃል ነው። ቃሌ ተተርጉሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ከእኔ ቀድሞ ድንበር ተሻግሯል። አሁን ማዶ ያሉት የኬላ ሰዎች በርሜሉን የሚያሳልፉት በእኔ ፊርማ ነው። የበርሜሉን ውሃ የሚጠራጠር ሐኪም እዚያ ቢኖር ሪፖርቴን አውጥተው ያሳዩታል።

7. ክቡርነትዎ «ለምን ለሕዝቡ ራስዎ አይናገሩም?» ቢሉኝ ተናግሬአለሁ። ቅዳሜ ሚያዝያ 5 ቀን፣ የፋሲካ ዋዜማ፣ ገበያው በደራበት ሰዓት በሼህ አብዱረዛቅ ፊት ቆሜ ውሃው አይጠጣ አልሁ። ከዚያ አንዱ ከሕዝቡ መካከል «ታጁዲን ስንት ፍየል ሰጠህ?» ብሎ ጮኸ። ውሃ ሻጩ ታጁዲን «ወላሂ አንድ ጆሮ እንኳ አልሰጠሁትም!» ብሎ ሲመልስ ገበያው በሳቅ ፈረሰ።

እኔም ጠጥቼ ታምሜበታለሁ አልሁ። ሼህ አብዱረዛቅ አልሳቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወባ ነው ያልከን አንተ ነህ። ዱዓ አድርገን አሜን ብለሃል። ሁለቱ ቃልህ ተጣልተዋል፤ የትኛውን እንያዝ?» አሉኝ።

ሁለተኛውን አልሁ።

«እኔ እይዝልሃለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ አልጠጣም። ሕዝቡ ግን ያን ቀን በሆድህ ስትመሰክር አይቷል። ዛሬ በአፍህ ብቻ ልታነሣው ትፈልጋለህ። አይነሣም ልጄ። ጥማት ያለበትን ሰው ቃል አይከለክለውም። የሚከለክለው አፍንጫው ነው።»

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን አሰብሁበት። ትክክል ናቸው።

ቀን በሙቀቱ ሰዓት ጣቢያው ጭር ሲል ከክፍሌ ሆኜ የቧንቧው ድምፅ ይሰማኛል። ቀጭን ነው፤ አያቋርጥም። በሥራዬ ከዚህ በፊት ምንም ነገር እንዲህ በትክክል ሠርቼ አላውቅም።

8. ስለዚህ የሚከተሉት እንዲፈቀዱልኝ ከክቡርነትዎ ፊት ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

ሀ/ ክሎሪኑ መጥቶ አራተኛው ጉድጓድ እስኪሠራ ድረስ በሁለተኛውና በሦስተኛው ጉድጓድ መካከል ያለውን ግንብ እንዳፈርስ። ግንቡ ሲፈርስ ውሃው በአሸዋና በከሰል ሳያልፍ በቀጥታ ይወጣል። ቀለሙና ሽታው ይመለሳሉ። የሚጠጣው አይኖርም። ይህ ማለት እንስሶቹ እንደገና ይቆሽሻሉ፣ የመጀመሪያውም ደብዳቤ እንደገና ይመጣል ማለት መሆኑን አውቃለሁ። ይምጣ። በእንስሳ ጠጉር የሚታየውን ቆሻሻ ማዶ ያለው ሰው አይቶ መመለስ ይችላል።

ለ/ ውሃው በበርሜል እንዲሻገር የተሰጠው ፈቃድ እንዲሰረዝና ይህም ለድሬዳዋ ጣቢያና ለወሰን ማዶው ኬላ በስልክ እንዲነገር። ለዐረፋ በዓል ፍየል የሚጭነው የዓመቱ ትልቁ ባቡር ከአሰቦት የሚነሣው ቅዳሜ ሚያዝያ 19 ቀን ነው። ሠላሳ አንድ ጠባቂዎች ይሄዱበታል። ቡሽራ አንዱ ነው።

ሐ/ የጥቅምቱ ሪፖርቴ እንዲሻርና «ጠጥቼዋለሁ» ከሚለው ቀጥሎ ዐሥራ አንድ ቀን መታመሜ እንዲጻፍበት፤ ተተርጉሞም እንዲላክ።

ወደ አሰበ ተፈሪ የሚወጣው የፖስታ መኪና ሐሙስ ስለ ሆነ ይህን ማመልከቻ በእርሱ እልካለሁ። መልሱ እስከ ዓርብ ማታ ቢደርሰኝ ለቅዳሜው ባቡር ይበቃል።

ተጨማሪ
ሐሙስ ሚያዝያ 17 ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ከአሰቦት ጣቢያ

ክቡር ሆይ፣ ከላይ የጻፍሁትን በንጹሕ ለመገልበጥ ጊዜ የለኝም። እንዳለ ልኬዋለሁ። አንቀጽ 8 ሀን መፍቀድ አያስፈልግዎትም። ግንቡን አፍርሼዋለሁ።

የሆነው ይህ ነው። ለዐረፋ የሚፈለገው ፍየል ስለ በዛ ባቡሩ በሁለት ቀን ቀድሞ ዛሬ በማለዳ መጣ። ስደርስ እንስሶቹ እየተጫኑ ነበር። ትናንት የተሞሉት ሃያ ሁለት በርሜሎች በየፉርጎው በር ተደርድረዋል።

መጀመሪያ ወደ ነጋዴው ሄድሁ። «ሐጂ፣ ስለ አላህ ብለው ውሃውን ያስደፉት» አልኋቸው። ሐጂ ሙሜ ከደረት ኪሳቸው ፈቃዱን አወጡ። «የናንተው ማኅተም ነው። ያንተው ስም አለበት። ማንበብ ጠፋህና እኔ ላንብብልህ?» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። እርሳቸውም ከዚያው በርሜል ሲጠጡ አይቻለሁ።

ቀጥዬ ወደ ቡሽራ ሮጥሁ። ከፊተኛው ፉርጎ በር እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጧል፤ ጀሪካኑ በጉልበቶቹ መካከል ነው። አትጠጣ አልሁት። «ሐኪም፣ ሁለት ቀን በረሃ ነው። ምን ልጠጣ? የፍየል ሽንት?» ሲል በፉርጎው ያሉት ሁሉ ሳቁ። «ሐምዛን የገደለው ይህ ውሃ ነው» አልሁ። ሳቁን አቆመ። ከዚያ «እህቴ የሞላችልኝን?» አለና ፊቱን አዞረብኝ።

ያን ጊዜ ከሐዲድ ጠጋኞቹ ዶማ ወሰድሁ። ወደ ጉድጓዱ ወረድሁና በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለውን ግንብ መታሁት። ስሠራው ጠንክሬ ሠርቼዋለሁ፤ ቶሎ አልፈረሰም። ሲፈርስ ጥቁሩ ውሃ በአሸዋው ላይ ተገለበጠ፤ ቧንቧው አንድ ጊዜ ተናንቆ ተፋው። ሽታው ከእኔ በፊት ጣቢያው ደረሰ።

ቧንቧው ሥር ተራ ይጠብቁ የነበሩት ሴቶች ጮኹ። ማሰሮአቸውን ደፉ። ሰደቡኝ፤ የካምፑ ዘበኛም እጄን ያዘኝ። ሼህ አብዱረዛቅ በሻሽ አፍንጫቸውን ሸፍነው መጡ። ጉድጓዱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ወደ ፉርጎዎቹ ዞረው «ድፉት! ከዚህ የተቀዳ ነው፤ ድፉት!» ብለው በኦሮምኛም በአማርኛም ጮኹ። ኋላ ያሉት ፉርጎዎች ሽታው ደርሷቸው ነበርና ደፉት። አምስት በርሜል ሲደፋ ቆጥሬአለሁ። ነፋሱ ግን ከምሥራቅ ይነፍስ ነበር። ሽታው ወደ ኋላ ሄደ እንጂ ወደ ፊተኞቹ አልደረሰም። እነርሱ የሰሙት የባቡሩን ፊሽካ ብቻ ነው። ባቡሩ ተነሣ።

ኡሙልኸይር ከሴቶቹ ጋር ነበረች። ማሰሮዋን አልደፋችም፤ አስቀመጠችው። ወደ ጉድጓዱ አፋፍ ቀርባ ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ «ሐምዛ የጠጣው ይህን ነው?» አለችኝ።

አዎን አልኋት።

«ታውቅ ነበር?»

አዎን አልኋት።

ይህን በምጽፍበት ሰዓት በጣቢያው መስኮት ትታየኛለች። በሐዲዱ ላይ ወደ ምሥራቅ፣ ባቡሩ በሄደበት እየሄደች ነው። ሁለት ሴቶች እየተከተሉ ይለምኗታል፤ አትመለስም።

የጣቢያውን ሹም ወደ ድሬዳዋ እንዲደውሉልኝ ለመንኋቸው። ስልኩ ከፊቴ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የሐዲድ ስልክ ስለ ሆነ ግን ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እንጂ እርስዎ ዘንድ አይደርስም። በማኅተም የተፈቀደን ጭነት ያለ ማኅተም ማገድ እንደማይችሉ አስረዱኝ። ደንባቸው ነው። እኔም በሥልጣናቸው ብሆን ግንብ ያፈረሰ ሰው በዘበኛ እጅ ተይዞ የሚናገረውን አልሰማም ነበር።

ማኅተሙ ያለው እርስዎ ዘንድ ነው።

ባቡሩ ዛሬ ድሬዳዋ ያድራል። ነገ ዓርብ ከማለዳው ዐሥራ ሁለት ሰዓት ወደ ደወሌ ይነሣል። በፊተኞቹ ፉርጎዎች ዐሥራ ሰባት በርሜልና አንድ ጀሪካን አለ። እንስሶቹ መጀመሪያ ስለሚጠጡ ሰዎቹ ውሃውን አብዝተው የሚጠጡት ከድሬዳዋ በኋላ በበረሃው ነው፤ ይህን ከተጓዦቹ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ስለዚህ ጊዜ አለ። የሚባለውም ቃል አጭር ነው፤ «ከአሰቦት የተጫነው ውሃ ይደፋ፤ ጠባቂዎቹ ከድሬዳዋ ይሞሉ፤ የታመመ ካለ ይውረድ።» ከዚህ የበለጠ መናገር አያስፈልግም።

የፖስታው መኪና አሁን ሊነሣ ነው። መንገዱ ካልተበላሸ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አሰበ ተፈሪ ይገባል። በመዝገብ ቤት በኩል ከመጣ እጅዎ የሚደርሰው ሰኞ ነውና፣ ነጂው ለማንም ሳይሰጥ በእጅዎ እንዲያስረክብ አስምዬዋለሁ። ስብሰባ ላይ ቢሆኑ እንዲገባ፣ ቤትዎ ቢሆኑ ቤትዎ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ። ስለ ድፍረቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ስለ ግንቡ፣ ስለ ሐሰተኛው ሪፖርቴና በእኔ ላይ ስለሚወሰደው እርምጃ ከዓርብ በኋላ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አለ። ዛሬ ይደውሉ።

ከሰላምታ ጋር፣ ከስልኩ አጠገብ ቆሜ እጠብቃለሁ፤

(ፊርማ)
አጥናፉ ወልደየስ